የጠፋ አምልኮ፣ የቀረ ስም፦ የጀርማናዊ ሕዝቦች ጥንታዊ አማልክትና የደጋው አድባር

ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት በታሪክ የምትታወቀው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት ስፍራ በመሆኗ ነው። በዚያ ከሠሩት አውሮፓውያን ብዙዎቹ በባዝል ከተማ አቅራቢያ በቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የሠለጠኑ፣ ከስዊዘርላንድና ከጀርመን አገር የመጡ ሰባኪ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ይጠቀሳሉ። እነዚህ ሰዎች ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ጽኑ ክርስቲያኖች ናቸው። ሆኖም በገዛ ቋንቋቸው ሐሙስን «ዶነርስታግ»፣ ዓርብን «ፍራይታግ» ብለው ይጠሩ ነበር። የመጀመሪያው የነጎድጓድ አምላክ ተብሎ ይመለክ የነበረው የዶናር ቀን፣ ሁለተኛው ፍሪያ የተባለችው እንስት አምላክ ቀን ማለት ነው።

እነዚያ አማልክት መመለክ ካቆሙ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ስማቸው ግን በሰባኪዎች አፍ ተጭኖ እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ደረሰ፤ ከተናጋሪዎቹም መካከል ነገሩን እንደ አምልኮ የቆጠረ አልነበረም። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ለደጋው መምህርና ኢማም ሩቅ አይደለም። አንድ የጥንት እምነት ካለፈ በኋላ ስም፣ ቦታና ልማድ ትቶ ይቀራል። ከቀረው ውስጥ የትኛው ተራ ቃል፣ የትኛው ደግሞ ከተውሒድ ጋር የሚጣላ ሕያው ልመና ነው? አድባር፣ ቆሌ፣ ውቃቢና ዛር በሚባሉበት አካባቢ የሚያስተምር ሰው ይህን መለየት ካልቻለ ወይ ንጹሑን ሰው በሺርክ ይወነጅላል፣ ወይ ሺርኩን «ባህል ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ከባድ ጥፋት ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሩቆቹን ሕዝቦች ታሪክ እንደ መስተዋት በመያዝ፣ ስም፣ ቦታና ልመና ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑና በሸሪዓም የተለያየ ሚዛን እንዳላቸው ለማሳየት ይሞክራል።

ሕዝቦቹና አማልክታቸው

«ጀርማናዊ ሕዝቦች» ሲባል የዛሬዎቹ ጀርመኖች ብቻ አይደሉም። የስዊድን፣ የኖርዌይና የዴንማርክ ሰዎች፣ ወደ ብሪታንያ የተሻገሩት አንግሎች እና ሳክሶኖች፣ እንዲሁም ጎቶች በቋንቋ ዝምድና ከዚህ ስም ሥር ይጠቃለላሉ። አምልኳቸው አንድ ወጥ ሥርዓት አልነበረውም፤ የሚገዛው መጽሐፍም ሆነ አንድ የበላይ ካህን አልነበረም። ከአማልክቱ ዋነኞቹ በሰሜን ኦዲን፣ በደቡብ ዎዳን የሚባለው የጦርነት፣ የጥበብና የሙታን አምላክ፤ ቶር ወይም ዶናር የተባለው መዶሻ ያዥ የነጎድጓድ አምላክ፤ ቲር ወይም ዚዩ፤ የመከርና የሰላም ሰጪ የሚሉት ፍሬይር፤ እንዲሁም ፍሪግ ወይም ፍሪያ ነበሩ። መሥዋዕቱ በብዛት እንስሳ ሆኖ ሥጋው በግብዣ ይበላ ነበር። ብዙውን ጊዜም የአምልኮው ስፍራ የታፈረ ደን፣ ምንጭ ወይም ትልቅ ዛፍ ነበር።

የሳምንቱ ቀናት ስም የተወሰደው ከሮማውያን ነው። ሮማውያን ቀናቱን በፕላኔቶችና በአማልክት ስም ይጠሩ ስለ ነበር፣ ጀርማናውያን የማርስን ቀን ለቲር፣ የሜርኩሪን ለዎዳን፣ የጁፒተርን ለዶናር፣ የቬኑስን ለፍሪያ ሰጡ። የእንግሊዝኛው «ዌንስዴይ» የዎዳን ቀን ማለት ነው፤ ጀርመኖች ግን ይህን ስም ትተው ረቡዕን «ሚትቮኽ»፣ ማለትም የሳምንቱ እኩሌታ ይሉታል። በእኛ በኩል ዐረብኛውም ሆነ ግእዙ አብዛኞቹን ቀናት በቁጥር ስለ ሰየመ ረቡዕና ሐሙስ አራተኛና አምስተኛ ከማለት በቀር ሌላ ነገር አያስታውሱም። ዐረቦች ከኢስላም በፊት ዓርብን «ዐሩባ» ይሉት እንደ ነበር መዝገበ ቃላት አዋቂዎች ጽፈዋል። አማርኛው «ዓርብ» የዚህ ስም ዘመድ ነው፤ ቀኑን «ጁሙዓ» ያለው ግን ኢስላም ነው።

ያዩት ሌሎች፣ የጻፉትም ሌሎች

በድንጋይ ላይ ከተቀረጹ አጫጭር ጽሑፎችና ከቁፋሮ ግኝቶች በቀር፣ ስለዚህ እምነት የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከተከታዮቹ አይደለም። ሮማዊው ታኪቱስ እ.ኤ.አ. በ98 ገደማ በጻፈው «ጌርማኒያ» ስለ አማልክቱ ሲናገር ሜርኩሪ፣ ሄርኩለስና ማርስ እያለ በራሱ አገር ስሞች ይጠራቸዋል። በሠረገላ ላይ በላሞች ስትጎተት፣ ባለፈችበትም ሁሉ የጦር መሣሪያ ይቀመጥላት ስለ ነበረችው የምድር እናት ኔርቱስ የነገረንም እርሱ ነው። የብሬመኑ አዳም በ1070ዎቹ ስለ ስዊድኑ የኡፕሳላ ቤተ ጣዖትና በየዘጠኝ ዓመቱ ስለሚደረገው መሥዋዕት የጻፈ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። የአማልክቱን ታሪክ በሰፊው ያቆየልን አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶንም መጽሐፉን ያዘጋጀው በ1220 ገደማ፣ አገሩ ክርስትናን ከተቀበለች ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

ከእነዚህ መካከል ለእኛ ልዩ ትርጉም ያላቸው የሙስሊም አገር ተጓዦች ናቸው። አሕመድ ኢብኑ ፈድላን በ309 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 921) ከባግዳድ ተነሥቶ በቮልጋ ወንዝ ዳር ሩስ ከሚባሉ ነጋዴዎች ጋር ተገናኘ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እነዚህ ሰዎች ከስካንዲናቪያ የመጡ ናቸው ይላሉ። ኢብኑ ፈድላን እንደ ዘገበው፣ ነጋዴው ከጀልባው እንደ ወረደ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ወተትና መጠጥ ይዞ የሰው ፊት ወደ ተቀረጸበት ረጅም እንጨት ይሄዳል። ያመጣውን ሸቀጥ ቆጥሮ ብዙ ዲናርና ድርሃም ያለው ገዢ እንዲልክለት ይለምናል። ገበያው ከጠናበት ሁለተኛና ሦስተኛ ስጦታ ያመጣል፤ ከዚያም በዋናው ዙሪያ ወደ ቆሙት ትናንሽ ምስሎች ዞሮ «የጌታችን ሚስቶችና ልጆች» እያለ አማላጅ እንዲሆኑት ይጠይቃቸዋል። ገበያው ሲቀናው ከብትና በግ ያርዳል። ሌሊት ውሾች ሥጋውን ሲበሉት፣ ጠዋት «ጌታዬ ስጦታዬን ተቀብሎ በላ» ይላል።

ይህን የሚያነብ ኢማም የሱረቱ ዙመርን ሦስተኛ አንቀጽ ወዲያው ያስታውሳል። የመካ ሙሽሪኮችም ጣዖቶቻቸውን ወደ አላህ የሚያቃርቡ መካከለኞች ናቸው ይሉ ነበር። በቮልጋ ዳርና በሒጃዝ መካከል ሰፊ ርቀት አለ፤ የሺርኩ አሠራር ግን አንድ ነው። ሰው ሲቸገር ትልቁን ይርቃል፣ ቅርብ ነው ብሎ ያሰበውን ትንሹን በስጦታ ይይዛል።

ከኢብኑ ፈድላን የምንማረው ሌላ ነገርም አለ። ከሩስ አንዱ ሰው «እናንተ ዐረቦች የምትወዱትን ሰው ለትል ትሰጣላችሁ፤ እኛ ግን በእሳት አቃጥለን ወዲያው ወደ ጀነት እናስገባዋለን» በሚል ሐሳብ ሲቀልድበት፣ ቀልዱን ሳይሸሽግ መዝግቦታል። የማይስማማበትን ሰው ንግግር ሳያጣምም ማስተላለፍ የአማና ክፍል ነው።

በአንጻሩ የመግለጫ ቃል ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። የአንዳሉሱ ተጓዥ ጦርጡሺ በአሥረኛው መቶ ዓመት ዛሬ ሽሌስቪግ በሚባለው አካባቢ ያለችውን የንግድ ከተማ ጎብኝቷል። ቀዝዊኒ ባቆየልን ዘገባው መሠረት፣ ነዋሪዎቿ ከጥቂት ክርስቲያኖች በቀር የሺዕራ፣ ማለትም የሲሪየስ ኮከብ አምላኪዎች ናቸው፤ እንስሳ ያረደም ሰው ማረዱ እንዲታወቅለት በደጁ ላይ በእንጨት ይሰቅለዋል። የመሥዋዕቱ ነገር ከሌሎች ምንጮች ጋር ይስማማል። ሺዕራን ማምለክ ግን ከሰሜኖቹ የራሳቸው ትውፊት ውስጥ አይገኝም። ሺዕራ በሱረቱ ነጅም አርባ ዘጠነኛ አንቀጽ የተጠቀሰ፣ ከዐረብ ጎሣዎችም አንዳንዶቹ ያመልኩት የነበረ ኮከብ ነው። ተጓዡ ያየውን አዲስ ነገር ቀድሞ በሚያውቀው ስም ጠራው ማለት ይቻላል። የአንዳሉስ ጸሐፊዎችም በ844 ሴቪያን የወረሩትን ሰሜኖች «መጁስ» ብለዋቸው ነበር፤ ይሁንና እነዚያ ሰዎች ከፋርስ እምነት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም።

አምልኮው የጠፋባቸው መንገዶች

ይህ እምነት በአንድ ቀንና በአንድ መንገድ አልጠፋም። በ601 የሮማው ጳጳስ ግሪጎሪዮስ ወደ እንግሊዝ በላከው መልእክት ጣዖቶቹ እንዲሰበሩ፣ ቤቶቻቸው ግን ተቀድሰው ለቤተ ክርስቲያን እንዲውሉ፣ የመሥዋዕቱም ግብዣ ወደ ክርስቲያናዊ በዓል እንዲለወጥ መከረ። ቦኒፋስ የተባለው ሰባኪ በ723 ገደማ በጋይስማር የዶናርን ታላቅ የወርካ መሳይ ዛፍ ቆርጦ ከእንጨቱ የጸሎት ቤት ሠራ። ንጉሥ ሻርልማኝ በ772 ኢርሚንሱል የተባለውን የሳክሶኖች ቅዱስ ምሰሶ አፈረሰ፤ ጥምቀትን እምቢ ያለ ይገደል የሚል ሕግም አወጣ። አይስላንድ በ1000 ገደማ በሸንጎዋ ስምምነት ክርስትናን ስትቀበል ግን በስውር መሥዋዕት ማቅረብ ለጊዜው ተፈቅዶ ነበር፤ ፈቃዱ ቆይቶ ተነሣ።

በነዚህ ሁሉ መንገዶች የአማልክቱ ስም አልጠፋም። ከፊሉ በቀናትና በቦታዎች ስም ውስጥ ተደብቆ ትርጉሙን አጣ። ከፊሉ ደግሞ ከአምላክነት ወደ ሰይጣንነት ወረደ። በጥንታዊ የሳክሶን ቋንቋ ተጽፎ በቆየው የጥምቀት መሐላ ተጠማቂው ዶናርን፣ ዎዳንንና ሳክስኖትን ከአጋንንት ጋር ቆጥሮ ይክዳቸዋል።

የእኛ አገር ጥንታዊ አማልክትና የደጋው ቅሪት

ይህን ይዘን ወደ አገራችን ስንመለስ የሚመሳሰል ነገር እናገኛለን። በየሓ የሚገኘው ታላቅ ሕንፃ ከደቡብ ዐረቢያ ጋር የጋራ የሆነው የአልመቃህ ቤተ ጣዖት ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአክሱም ንጉሥ ዔዛና በመጀመሪያዎቹ የድንጋይ ጽሑፎቹ ራሱን የመሕረም ልጅ ይላል፤ አስተር፣ ብሔርና ምድር የተባሉትንም ያወሳል። አስተር የደቡብ ዐረቢያው ዐሥተር ነው። በግሪክኛው ጽሑፍ ላይ ግን መሕረም «አሬስ» ተብሏል፤ ይህም ታኪቱስ ዎዳንን ሜርኩሪ ካለበት አሠራር ጋር አንድ ነው። በኋለኛው ጽሑፉ ንጉሡ የሰማይን ጌታ ብቻ ያመሰግናል። በገንዘቡም ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተተካ።

ቃላቱ ግን ከቋንቋው አልወጡም። «ምድር» እና «ብሔር» ዛሬ በየቀኑ የምንናገራቸው ቃላት ናቸው፤ ሲነገሩም አማልክት አድርጎ የሚያስባቸው ሰው የለም። «አድባር» በግእዝ የ«ደብር» ብዙ ቁጥር ሲሆን ትርጉሙ ተራሮች ማለት ነው፤ ደብረ ታቦር የሚለው የከተማዋ ስምም ከዚሁ ሥር ነው። በአማርኛ ግን አድባር የአካባቢ ጠባቂ መንፈስ ያድርበታል የሚባለው ዛፍ ወይም ስፍራ መጠሪያ ሆነ። «ውቃቢ» ደግሞ መጠበቅ ከሚለው የግእዝ «ዐቀበ» የወጣ ነው። ስለ ዛር ጣሊያናዊው ተመራማሪ ኤንሪኮ ቼሩሊ ስሙ ከአገው የሰማይ አምላክ ስም ከ«ጃር» የመጣ ነው የሚል አስተያየት አቅርቧል። አስተያየቱን ከተቀበልነው የዛርም ነገር እንደ ዎዳን ነው፤ አዲስ እምነት ሲመጣ የቀድሞው አምላክ ወደ ርኩስ መንፈስነት ወርዷል ማለት ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ የሚኖሩት ቅማንቶችም ወንበር በሚባል መሪያቸው አማካይነት በታፈሩ ደኖች ውስጥ ጸሎት ያደርሱ እንደ ነበር አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ጋምስት በ1969 ባሳተመው ጥናት መዝግቧል።

በደጋው ገጠር አሁንም በአድባር ዛፍ ግንድ ላይ ቅቤ የሚቀባ፣ ክር የሚያስር፣ ዝናብ ሲዘገይም ከሥሩ የሚያርድ ሰው አይጠፋም። በዚህ ድርጊት አንዳንድ ጊዜ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ጎረቤት እጅ ይገናኛል። ስለዚህ ነገሩን የአንዱ ሃይማኖት ወገን ጥፋት አድርጎ ማቅረብ ከእውነት ያርቃል።

የሸሪዓው ሚዛን፦ ስም፣ ቦታ፣ ልመና

ኢስላም በወረደበት አገር ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። መልሱም ሦስት ደረጃ አለው።

አንደኛው ስም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጣዖት ወይም ለፍጡር ባርነትን የሚያሳይ የግል ስም ይለውጡ ነበር፤ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ከመስለማቸው በፊት ስማቸው ዐብዱ ዐምር ነበር። የበኑ ዐብዲ ሸምስና የበኑ ዐብዲ መናፍ የጎሣ ስሞች ግን ለመለያነት ሲነገሩ ቆዩ፤ የረጀብና የሰፈር ወራት ስሞችም ከጃሂሊያ እንደ ወረዱ አሉ። ሰው ለልጁ የሚመርጠው ስም ትርጉሙ ይመረመራል፤ ትርጉሙ የተረሳ የወል መጠሪያ ግን በራሱ ሺርክ አይሆንም።

ሁለተኛው ቦታ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዘገባዎች ጎን ለጎን ይነበባሉ። በሰፋና በመርዋ መካከል መሄድ የጃሂሊያ ሥራ እንዳይሆን አንዳንድ ሰሓቦች ፈርተው ነበር፤ በሁለቱ ኮረብቶች ላይ ጣዖቶች ቆመውባቸው ነበርና። የሱረቱል በቀራህ መቶ ኀምሳ ስምንተኛ አንቀጽ ሁለቱ ከአላህ ምልክቶች እንደሆኑ በመግለጽ ፍርሃቱን አነሣ። ሥርዓቱ ከመነሻው የአላህ ስለ ነበር ጣዖቶቹ ተወገዱ፣ ሥርዓቱ ተመለሰ። በሌላ በኩል አንድ ሰው ቡዋና በተባለ ስፍራ ግመል ለማረድ ስለት ገብቶ ሲመጣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቅድሚያ በቦታው የጃሂሊያ ጣዖት ይመለክበት ወይም በዓላቸው ይከበርበት እንደ ነበር ጠየቁ። አለመኖሩ ሲነገራቸው ስለቱን እንዲፈጽም ፈቀዱለት፤ ይህ በአቡ ዳውድ ዘገባ ይገኛል። ከዚህ የምንረዳው፣ አራጁ ኒያው ለአላህ ቢሆንም እንኳ አድባር ሲታረድለት የኖረበትን ስፍራ ለእርድ መምረጥ እንደማይገባው ነው። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት መጠየቅ እንደሚቀድምም ያስተምራል።

ሦስተኛው ልመና ነው፤ እዚህ ላይ ለድርድር ቦታ የለም። ወደ ሑነይን በሚሄዱበት ጊዜ አዲስ የሰለሙ ሰዎች ሙሽሪኮች መሣሪያቸውን እየሰቀሉ በረከት የሚፈልጉበትን «ዛቱ አንዋጥ» የተባለ ዛፍ አይተው እነርሱም እንዲህ ያለ ዛፍ እንዲደረግላቸው ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥያቄውን የሙሳ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች አምላክ እንዲሠራላቸው ከጠየቁት ጋር አመሳሰሉት። ተርሚዚ የዘገቡት ይህ ሐዲሥ ጠያቂዎቹ ሙስሊሞች እንደ ነበሩና ስሙ ባይነሣም ነገሩ ያው እንደሆነ ያሳያል። የጠየቁትም በቃል ተገሠጹና ተማሩ እንጂ ከእምነቱ አልተባረሩም።

ለመምህሩና ለኢማሙ

ከዚህ ተነሥቶ የሚከተለውን ማለት ይቻላል። «አድባር» የሚለውን ቃል በአፉ ያመጣ ሁሉ ሙሽሪክ አይደለም፤ የመንደሩን ትልቅ ዛፍ በለመደው ስም ጠራ እንጂ። በዛፉ ጥላ ሥር ለሽምግልና የተቀመጠውም እንዲሁ ነው። ቅቤ ቀብቶ ልጅ፣ ዝናብ ወይም ጤና የጠየቀው ግን፣ ዛፉን በሌላ ስም ቢጠራውም፣ ከአላህ ሌላ ለምኗልና ሊነገረውና ሊማር ይገባል።

ዛፉን የመቁረጥ ሐሳብ ለሚያነሣ ወጣትም መልስ አለ። ዑመር (ረ.ዐ.) ሰዎች የሁደይቢያውን ዛፍ ፈልገው ሲሰግዱበት አስቆረጡት የሚል ዘገባ አለ፤ እርሳቸው ግን ሥልጣን ያላቸው ኸሊፋ ነበሩ። ግለሰብ ተነሥቶ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር የሚጋራውን ዛፍ ቢቆርጥ ፊትና ያመጣል፤ በተራቆተው ደጋም ጥላና አፈር ያሳጣል። ከዚህም በላይ ዛፉ ሲወድቅ ልማዱ አብሮ አይወድቅም። የሰሜን አውሮፓ ታሪክ እንደሚያሳየው የተቆረጠ ዛፍ ተከታዮቹን ወደ ሌላ ዛፍ ወይም ወደ ስውር ሥራ ሊመራ ይችላል።

የሚያዋጣው የተሻለውን መተካት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲና ሰዎች ይጫወቱባቸው የነበሩትን ሁለት ቀናት በሁለቱ ዒዶች እንደ ተኩላቸው ተዘግቧል። ዝናብ ሲዘገይ ኢማሙ ሕዝቡን ወደ ሜዳ አውጥቶ የኢስቲስቃእ ሶላት ካላሰገደ፣ ገበሬው ወደ አድባሩ ቢሄድ ግማሹ ጥያቄ ለኢማሙ ነው። በሽተኛው ወደ ዛር ቤት የሚሄደው የሚሰማው ሰው ስላጣ ከሆነ፣ ቁርኣን እየቀራ የሚጠይቀው፣ ወደ ሐኪምም የሚያደርሰው ጀማዓ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ አንድ ልማድ ለፍርድ ሲቀርብልን ከስሙ አንነሣ። እርዱ ለማን ነው? የት ነው የሚታረደው? የሚለመነውስ ማን ነው? እነዚህን ሦስቱን ጠይቆ መልሱን በትዕግሥት ያዳመጠ መምህር፣ የሞተውን ቃል ከሕያው ሺርክ መለየት አይቸግረውም። ወላሁ አዕለም።